አንድ ቀንዱ አውሬ በኢትዮጵያ ምድር

በጥንታዊና በመካከለኛው ዘመን መጻሕፍት ውስጥ በግንባሩ ላይ አንድ ቀንድ ብቻ የበቀለበት አውሬ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል፤ ጸሐፊዎቹም የሚናገሩለት እንደ ተረት ፍጡር ሳይሆን፣ እንደ አንበሳና እንደ ዝሆን ሁሉ መኖሪያው፣ ጠባዩና የሚታደንበት ዘዴ እንደሚታወቅ እንስሳ ነው። መኖሪያው በመጀመሪያ ሕንድ ነበር፤ ከስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ግን የአውሬው አገር ኢትዮጵያ እየሆነች ሄደች፤ አውሬውን በዓይናችን አየነው፣ ወይም ካዩት ሰዎች ሰማን የሚሉ መንገደኞችም ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ ዳሞት ድረስ ያለውን ምድር በምስክርነት ይጠሩ ነበር። የዚህ እምነት ታሪክ ሊጠና የሚገባው የቀደሙ ሰዎችን ስሕተት ለመቍጠር ሳይሆን፣ ምናባዊ የሆነ እንስሳ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ እንደ እውነተኛ ተቈጥሮ ሊኖር የቻለው በምን ዐይነት ማስረጃ እንደሆነ ለመረዳት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስለ አንድ ቀንዱ አውሬ ከተጻፉት መካከል ቀዳሚ ሆኖ የሚታወቀው፣ ክቴስያስ የተባለ ግሪካዊ ሐኪም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ400 ዓመት ገደማ የጻፈው ነው። ክቴስያስ በፋርስ ንጉሥ በዳግማዊ አርጤክስስ ቤተ መንግሥት ሲያገለግል ስለ ሕንድ የሰማውን ሰብስቦ ባዘጋጀው መጽሐፍ፣ ሰውነታቸው ነጭ፣ ራሳቸው ቀይ፣ ዓይናቸው ሰማያዊ የሆነና በግንባራቸው ላይ ክንድ ተኩል የሚሆን ቀንድ ያበቀሉ የዱር አህዮች በዚያ አገር እንዳሉ፣ ከዚሁ ቀንድ በተሠራ ጽዋ የሚጠጣም ሰው መርዝ እንደማይጎዳው ተረከ። ከእሱ በኋላ አሪስጣጣሊስ ስለ እንስሳት አካል በጻፈው መጽሐፍ አንድ ቀንድ ያላቸውን ሁለት እንስሳት የጠቀሰ ሲሆን፣ አንዱ ይኸው የሕንድ አህያ፣ ሁለተኛው ደግሞ ሰኰናው የተሰነጠቀው ሳላ ነው። ሳላ በእውነት ሁለት ረጃጅምና ቀጥ ያሉ ቀንዶች አሉት፤ ነገር ግን ከጎን ለሚያየው ሁለቱ ተደራርበው አንድ ስለሚመስሉ፣ በአዋሽ ሜዳ ላይ ሳላ ሲግጥ ከሩቅ የተመለከተ ሁሉ የአሪስጣጣሊስ ቃል ከየት እንደመነጨ ለመገመት አይቸገርም። ሮማዊው ፕሊኒዮስ በ77 ዓ.ም. ባጠናቀቀው ሰፊ የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ የእነዚህን ቀደምት ጸሐፊዎች ቃል ከሌላው ጋር አደባልቆ፣ የአጋዘን ራስ፣ የዝሆን እግርና የከርከሮ ጅራት ያለው፣ ሁለት ክንድ የሚረዝም ጥቁር ቀንድ የተሸከመ፣ በሕይወቱ ሊያዝ የማይችል አውሬ አድርጎ አቀረበው። ይኸው ጸሐፊ ኢትዮጵያን ቀንድና ክንፍ ያላቸው ፈረሶች የሚወለዱባት፣ ሃያ ክንድ የሚረዝሙ ዘንዶዎች የሚኖሩባት ምድር አድርጎ ገልጿታል። በግሪኮችና በሮማውያን አነጋገር ኢትዮጵያ ማለት ከግብፅ በስተደቡብ ያለው አገር በሙሉ ስለነበረ፣ ድንበሩ ያልታወቀው ይህ ሰፊ ስም ማንኛውም ያልታየ እንስሳ ሊቀመጥበት የሚችል ሥፍራ ሆኖ ነበር።

የፕሊኒዮስ አገላለጽ ከባዶ ምናብ ብቻ የወጣ አለመሆኑን የሚያሳየው የአዱሊስ ወደብ ንግድ ነው። አዱሊስ በዛሬዋ ኤርትራ ከምፅዋ በስተደቡብ ይገኝ የነበረ የአክሱም መንግሥት ወደብ ሲሆን፣ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መምሪያም ሆነ ፕሊኒዮስ ራሱ እንደሚያስረዱት ከዚያ ይጫኑ ከነበሩት ሸቀጦች ዋነኞቹ የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ድንጋይ ነበሩ፤ ፕሊኒዮስ የጉማሬን ቆዳም ይጨምራል። እነዚህ ሸቀጦች የአንድ ሕያው እንስሳ ክፍል ሆነው ሳለ ከእንስሳው ተለይተው ባሕር ይሻገራሉ። እስክንድርያ ወይም ሮም ላይ ቀንዱን የሚገዛው ሰው በእጁ የያዘው ነገር እውነተኛ፣ ከባድና ውድ መሆኑን አይጠራጠርም፤ ቀንዱ የበቀለበትን ራስ፣ ራሱን የተሸከመውን አንገት፣ አውሬው የሚግጥበትን ሜዳ ግን በቃል ከሰማው አሟልቶ መሥራት ነበረበት። በኢትዮጵያ ቈላ ይኖር የነበረው ጥቁር አውራሪስ ሁለት ቀንድ ያለው ሲሆን፣ ሁለቱ ከአፍንጫው ተነቅለው ለየብቻ ከተሸጡ በኋላ ግን አንዱ ቀንድ ብቻውን አንድ እንስሳ የሚያቆም ማስረጃ ይሆናል። አንድ ቀንዱን አውሬ በሕይወት ያኖረው ከውሸታሞች ብዛት ይልቅ የዚህ ንግድ ጠባይ ነው፤ ብዙዎቹ ምስክሮች የሚያምኑትን ያዩ፣ ያዩትንም በታማኝነት የመዘገቡ ሰዎች ነበሩ።

ከእነዚህ ታማኝ ምስክሮች ሁሉ ትልቅ ቦታ የሚሰጠው ኮስማስ ኢንዲኮፕሌውስቴስ በሚል ስም የሚታወቀው የእስክንድርያ ነጋዴ ነው። ኮስማስ ዐፄ ካሌብ በደቡብ ዓረቢያ ባለው በሕምያር መንግሥት ላይ ለመዝመት በሚዘጋጁበት ወቅት አዱሊስ ላይ ነበረ፤ በወደቡ በር አጠገብ ይገኝ በነበረው የእብነ በረድ ዙፋንና ሐውልት ላይ የተቀረጸውን የግሪክኛ ጽሑፍም በንጉሡ ትእዛዝ ገልብጧል። በኋላ መንኵሶ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስለ ዓለም አቀማመጥ ከክርስትና አንጻር በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ይህንኑ ጽሑፍ፣ እንዲሁም በኢትዮጵያ ያያቸውንና የሰማባቸውን እንስሳት መግለጫ ከሥዕል ጋር አኑሯል። መጽሐፉ ሌላ ዋጋ ባይኖረው እንኳ ስለ አክሱም ቤተ መንግሥት እንስሳት የተናገረው ብቻ ሊያስከብረው ይበቃ ነበር።

ኮስማስ እንደሚለው በቤተ መንግሥቱ በንጉሡ ትእዛዝ ገና በልጅነታቸው ተይዘው የተገሩ አንድ ወይም ሁለት ቀጭኔዎች ነበሩ፤ በሳሕን ወተት ወይም ውሃ ሲቀርብላቸው እግራቸው ረጅም፣ አንገታቸውም ከፍ ያለ ስለሆነ የፊት እግሮቻቸውን ካላንፈራጠጡ በቀር ጎንበስ ብለው መጠጣት አይችሉም ነበር። ይህ ቀጭኔን ያየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው እውነት ነው። በዚያው ግቢ ገለባ የተሞላ የአውራሪስ ቆዳ ቆሞ ይታይ ነበር፤ ኮስማስ ሕያው አውራሪስም በሩቁ እንዳየ ይናገራል፤ አውሬውን የአገሩ ሰዎች በቋንቋቸው አሩ ወይም ሐሪሲ ብለው እንደሚጠሩትም በግሪክ ፊደል ጽፎታል፤ ይህም ዛሬ በግእዝ አርዌ ሐሪስ፣ በአማርኛም አውራሪስ ከሚባለው ጋር አንድ ነው። የደረቀው ቆዳው አራት ጣት እንደሚወፍርና አንዳንዶች በማረሻ ብረት ፋንታ እንደሚያርሱበት አክሏል። ቀንዶቹ ሲራመድ እንደሚወዛወዙ፣ ሲቈጣ ግን እንደሚጠነክሩ የተናገረው ትክክል ባይሆንም፣ ቀንዱ ከራስ ቅል አጥንት ያልወጣ፣ ከቆዳው ላይ የበቀለ መሆኑን የሚያውቅ አዳኝ ሊሰጠው የሚችለው ወሬ ነው።

ስለ ሦስተኛው እንስሳ ሲናገር ግን ኮስማስ አነጋገሩን ይለውጣል። አንድ ቀንዱን አውሬ አየሁት ለማለት እንደማይችል በግልጽ ካስቀመጠ በኋላ፣ በአራቱ ማዕዘን ግንብ ባለው የኢትዮጵያ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ውስጥ አራት የነሐስ ምስሎቹ ቆመው እንዳየና በመጽሐፉ ያኖረውን ሥዕል ከእነዚያ ምስሎች እንደሣለ ይመሰክራል። እንግዲህ በአንድ ግቢ ውስጥ ሕያው ቀጭኔ፣ በገለባ የተሞላ አውራሪስና በነሐስ የተቀረጸ አንድ ቀንዱ አውሬ ጎን ለጎን ነበሩ ማለት ነው። አንድ ነጋዴ እነዚህን ሦስት የማስረጃ ደረጃዎች ሳያምታታ፣ የቱን በሕይወቱ፣ የቱን በቆዳው፣ የቱን በምስሉ እንዳወቀ ለይቶ መጻፉ ከእሱ በኋላ በአንድ ሺህ ዓመት ከመጡት ብዙ ሊቃውንት የሚበልጥ ጥንቃቄ ነው።

ስለ አውሬው ጠባይ የሰማው ታሪክ ደግሞ ከምስሎቹ ይልቅ ጠቃሚ ሳይሆን አይቀርም። የነገሩት ሰዎች አውሬው ኃይሉ ሁሉ በቀንዱ ላይ እንደሆነ፣ አዳኞች አሳደው ሊይዙት ሲቃረቡ ወደ ገደል አፋፍ ወጥቶ ራሱን ቍልቍል እንደሚወረውር፣ ሲወድቅም ተገልብጦ ምቱን በቀንዱ ስለሚቀበል ምንም ሳይጎዳ እንደሚያመልጥ ገለጹለት። ይህ ታሪክ ለሜዳ አውሬ ለአውራሪስም ሆነ ለቈላው ሳላ አይስማማም። በገደል ላይ ለሚኖር፣ ከአፋፍ ወደ አፋፍ እየዘለለ ለሚያመልጥና ወፍራም ቀንድ ለተሸከመ እንስሳ ግን የሚስማማ ነው፤ በኢትዮጵያ ደግሞ እንዲህ ያለው እንስሳ የሰሜን ተራሮች ዋሊያ ነው። በሌሎች አገሮችም ስለ ዋሊያ ዘመዶች፣ ማለትም ስለ ተራራ የዱር ፍየሎች፣ በቀንዳቸው ላይ ወድቀው ይድናሉ የሚል ተመሳሳይ ወሬ ተነግሯል። ኮስማስ ራሱ አዱሊስ ላይ የገለበጠው የአክሱም ንጉሥ ጽሑፍ ከተከዜ ማዶ ስላሉት፣ በረዶ እስከ ጕልበት ስለሚደርስባቸው የሰሜን ተራሮች ዘመቻ የሚተርክ መሆኑን ልብ ላለ አንባቢ፣ ከእነዚያ ተራሮች የተመለሱ ወታደሮች የዋሊያን ወሬ ወደ አክሱም ማምጣታቸው ሩቅ ግምት አይደለም። ስለዚህ የነሐሱ አውሬ ቅርጹን ከየትም ያግኝ፣ ጠባዩን የተዋሰው ከዋሊያ ነው ብሎ መፍረድ ይቻላል።

በነሐስ ምስሎቹ ዘመን አንድ ቀንዱ አውሬ በኢትዮጵያ በመጻሕፍትም በኩል ገብቶ ነበር። ብሉይ ኪዳን ወደ ግእዝ የተመለሰው በእስክንድርያ ከተዘጋጀው የግሪክኛ ትርጉም፣ ማለትም ሰባ ሊቃናት ከተረጐሙት፣ በመሆኑ፣ በዕብራይስጡ ትልቅ የዱር በሬን የሚያመለክተው ስም በግሪክኛው አንድ ቀንዱ ስለተባለ በመዝሙረ ዳዊትም ላይ ዘአሐዱ ቀርኑ ተብሎ ተቀምጧል። ዳዊት የደገመ ተማሪ ሁሉ፣ አውሬውን ማየት ቀርቶ ስለ እሱ ሲነገር ሳይሰማ፣ በየዕለቱ ስሙን ይጠራ ነበር ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ፊሳልጎስ የሚባለው መጽሐፍ አለ። ይህ መጽሐፍ በክርስትና መጀመሪያ መቶ ዓመታት በግሪክኛ የተዘጋጀ የእንስሳት፣ የዕፀዋትና የዕንቍ ድንጋዮች ጠባይ ትርጓሜ ሲሆን፣ በአክሱም ዘመን ወደ ግእዝ ተተርጕሟል፤ የግእዙን ቅጂ ጀርመናዊው ፍሪትስ ሆመል በ1877 በላይፕሲሽ አሳትሞታል። በፊሳልጎስ ትምህርት አንድ ቀንዱ አውሬ የፍየል ግልገል የሚያህል ነገር ግን እጅግ ኃይለኛ እንስሳ ነው፤ አዳኝ ሊይዘው አይችልም፤ ንጽሕት ድንግል በፊቱ ስትቀመጥ ግን ወደ እርስዋ ቀርቦ ይማረካል፤ ይህም የክርስቶስ ሥጋዌ ምሳሌ ሆኖ ይተረጐማል። እዚህ ላይ አውሬው ይኑር አይኑር ጥያቄ አልነበረም፤ የተፈለገው ምሥጢሩ ነው። ሊቃውንቱ አንበሳንና ንስርን የሚተረጕሙበት መንገድ አንድ ቀንዱንና ፊንቅስ የተባለውን ወፍ ከሚተረጕሙበት ስለማይለይ፣ በዐይን የሚታየው እንስሳና በመጽሐፍ ብቻ የሚገኘው እንስሳ በዚያ ገበታ እኩል ተቀመጡ።

የኢትዮጵያ ሕዝብ የራሱ የሆነው ታላቅ ምናባዊ አውሬ ግን አንድ ቀንዱ ሳይሆን አርዌ የተባለው ዘንዶ ነው። በነገሥታት ዝርዝሮች መጀመሪያ ላይ አራት መቶ ዓመት እንደገዛ የሚነገርለት ይህ ዘንዶ ከሕዝቡ ከብትና ልጃገረድ ይገበርለት እንደነበረ፣ አንጋቦ የተባለ ጀግናም በዘዴ ገድሎት መንግሥቱን እንደወረሰ በአክሱምና በትግራይ ይተረካል፤ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተከታታይ ሥዕል የሚያሳዩት የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች ሥራም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚሁ ዘንዶ ነው። አውሮፓውያን ስለዚህ ትውፊት ሳያውቁ፣ ፕሊኒዮስን ብቻ ይዘው የራሳቸውን የኢትዮጵያ ዘንዶ ሠሩ፤ በ1330ዎቹ ገደማ ስለ ምሥራቅ የጻፈው ዮርዳኖስ የተባለው የዶሚኒካን መነኵሴ በራሳቸው ላይ የሚያበራ ዕንቍ የተሸከሙ ዘንዶዎች በኢትዮጵያ እንዳሉ ተናገረ፤ ከሞተ በኋላ በ1640 የታተመው የቦሎኛው ሊቅ የኡሊሴ አልድሮቫንዲ መጽሐፍም ባለ ሁለት እግርና ባለ ክንፍ የኢትዮጵያ ዘንዶ በሥዕል አሳየ።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የአንድ ቀንዱ ቀንድ እየተባለ በነገሥታት ግምጃ ቤት ይቀመጥ የነበረው ረጅምና የተጠማዘዘ ነጭ ቀንድ በእውነቱ ናርዋል የሚባለው የሰሜን ውቅያኖስ ዓሣ ነባሪ ጥርስ ነበር። ጥርሱ መርዝ ይገልጣል ተብሎ ስለታመነ ዋጋው ከወርቅ ይበልጥ ነበር፤ የእንግሊዝ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ የነበራት አንዱ 10,000 ፓውንድ ተገምቷል፤ የዴንማርክ ነገሥታትም ዙፋናቸውን በዚሁ ጥርስ አሠርተዋል። ኮፐንሃገን ላይ ኦሌ ዎርም የተባለው ሐኪም በ1638 ጥርሱ ከነራስ ቅሉ የተገኘበትን ናሙና አሳይቶ ባለቤቱ የባሕር እንስሳ መሆኑን እስኪያስረዳ ድረስ፣ ቀንዱ በአውሮፓ እጅ ሲገኝ እንስሳው ግን ጠፍቶ ስለነበረ ፍለጋው በየብስ ላይ ቀጠለ፤ ፍለጋውም በአውሮፓውያን አፈ ታሪክ የሚነገርለት የካህኑ ንጉሥ ዮሐንስ አገር ነች ወደተባለችው ወደ ኢትዮጵያ አመራ።

የቦሎኛው ሰው ሉዶቪኮ ዲ ቫርቴማ በ1503 ሙስሊም መስሎ መካ በገባ ጊዜ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት አንድ ቀንዱ አውሬዎች እንዳየ በ1510 ሮም ላይ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ገልጿል። እንደ ቃሉ ትልቁ የሁለት ዓመት ተኩል ውርንጭላ የሚያህል፣ ቀለሙ ዳማ፣ ሰኰናው እንደ ፍየል የተሰነጠቀ፣ ቀንዱም ሦስት ክንድ የሚሆን ነበር፤ ሁለቱንም ለመካው ገዢ በወዳጅነት የሰጠው አንድ የኢትዮጵያ ሙስሊም ንጉሥ ነው። ከቀይ ባሕር ማዶ ሕያው እንስሳ እጅ መንሻ ሆኖ መላኩ በዚያ ዘመን የታወቀ ልማድ ስለነበረ፣ ቫርቴማ ያያቸው አንድ ቀንዳቸው የተሰበረ ወይም በልጅነታቸው ቀንዳቸው በሰው እጅ የተስተካከለ ሳላዎች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ የቀንዱ ርዝመትና የሰኰናው መሰንጠቅ ሁለቱም ወደዚያ ያመለክታሉ።

ከዚህም በኋላ በጣም የታመነው ምስክር በ1625 ወደ ኢትዮጵያ የገባውና በ1634 የወጣው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ሚሲዮናዊ ጄሮኒሞ ሎቦ ነው። ሎቦ በዳሞት በኩል ባለው የአገው ምድር አውሬው እንደታየ፣ ከጫካ ወደ ጫካ ሲሮጥ ፍጥነቱ ለመመርመር ጊዜ እንደማይሰጥ፣ መልኩ ግን የሚያምር ፈረስ የሚመስል፣ ዳማ፣ ጅራቱ ጥቁር እንደሆነ ጽፏል። እንዲህ ያለው አውሬ እጅግ ፈሪ ስለሆነ ሌሎች እንስሳት ካልከበቡት በቀር እንደማይግጥ መጨመሩ፣ ጽሑፉን ከፊሳልጎስ ትምህርት ፈጽሞ የሚለየው ነጥብ ነው። የሎቦ አውሬ ለድንግል የሚማረክ ኃይለኛ አይደለም፤ ጠባዩ ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ የሚሰማራ፣ በጥርጣሬ ቀና ብሎ የሚያይና የሚሸሽ የሣር በል መንጋ ጠባይ ነው። ቆርኬን በሜዳ ላይ ያየ ሰው ዳማውን ቀለሙን፣ ረጅም ፊቱንና ፈጣን ሩጫውን ከዚህ ጋር ማገናኘት ይችላል። ሎቦ ያየውን ሲገልጽ ታምኗል፤ ያላየውን ቀንድ የሞላለት ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ያነበበው መጽሐፍ ነው። የሎቦ ጽሑፍ አንድ ክፍል በ1669 በለንደኑ የሳይንስ ማኅበር አነሳሽነት በእንግሊዝኛ ታትሟል፤ ሰፊው የጉዞ ታሪኩን ደግሞ ሳሙኤል ጆንሰን ከፈረንሳይኛ መልሶ በ1735 አሳትሞታል፤ በዚህም አንድ ቀንዱ የኢትዮጵያ አውሬ በአውሮፓ የሊቃውንት ክርክር ውስጥ ለመቶ ዓመት ያህል ቦታውን አጸና።

በእነዚሁ ዓመታት ከኢትዮጵያ የሄደ ፍጹም እውነተኛ እንስሳ ግን ውሸት ነው ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር። በ1621 ለሕንዱ የሙጋል ንጉሠ ነገሥት ለጃሃንጊር ቱርኮች ከሐበሻ ያመጡት የሜዳ አህያ ቀረበላቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በዕለት መዝገባቸው እንደጻፉት ጥቁርና ነጭ መስመሩ እጅግ እንግዳ ስለነበረ አንዳንዶች ቀለም የተቀባ መሰላቸው፤ በጥንቃቄ ከተመረመረ በኋላ ግን ሠዓሊው ፈጣሪ መሆኑ ታወቀ። የንጉሠ ነገሥቱ ሠዓሊ መንሱር ያንን እንስሳ በፍጹም ጥንቃቄ ሣለው፤ ሥዕሉም ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ደግሞ በ1414 የቤንጋል ገዢ ለቻይናው ንጉሠ ነገሥት ለዮንግሌ የላከው የአፍሪካ ቀጭኔ፣ ደግ ንጉሥ ሲነግሥ ብቻ ይገለጣል የሚባለው ቺሊን የተባለው የቻይና ምናባዊ አውሬ ነው ተብሎ በቤተ መንግሥቱ በታላቅ አክብሮት ተቀብሏል። የሜዳ አህያው እውነት ሆኖ ሳለ ተጠረጠረ፤ ቀጭኔው ሌላ ሆኖ ሳለ በምናባዊው አውሬ ስም ታመነ። በሁለቱም ጊዜ የተመልካቹ ዳኝነት የተመሠረተው እንስሳው ከመምጣቱ በፊት ሰው በሚያውቀው መጽሐፍና ትውፊት ላይ ነው፤ እንስሳው ሕያው ሆኖ በፊቱ መቆሙ እንኳ ያንን አልሻረውም።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 ምፅዋ ደርሶ ወደ ጎንደር ከወጣ በኋላ በ1790 ባሳተመው አምስት ጥራዝ መጽሐፍ ሎቦን ክፉኛ ነቀፈው፤ የመጽሐፍ ቅዱሱም አንድ ቀንዱ አውራሪስ እንጂ ሌላ እንስሳ እንዳልሆነ ተከራከረ። ዕጣው ግን ከሎቦ አልተለየም፤ ለንደን ላይ በኢትዮጵያ ስላየው ሥጋ አበላል የተናገረውን ሰዎች ተሳለቁበት፤ እውነት የነበረው ብዙው ቃሉ ከሞተ በኋላ ነው የተረጋገጠው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፕል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያን ሲጐበኝ ግን ሥራው ሌላ ዐይነት ሆነ፤ ወሬውን ትቶ ቆዳውን፣ አጥንቱንና ቀንዱን ወደ ፍራንክፈርቱ የሴንከንበርግ ቤተ መዘክር ወሰደ፤ በዚህም ዋሊያን፣ ጭላዳንና የኢትዮጵያውን ሳላ ለሳይንስ ገለጠ። ለአንድ ቀንዱ አውሬ ታሪክ መነሻ ሊሆኑ ከሚችሉት እንስሳት ሁለቱ፣ ሳላና ዋሊያ፣ በአንድ ሰው እጅ በአንድ ጊዜ ስም አገኙ ማለት ነው።

በዚያው ዘመን ታላቁ የአጥንት ሊቅ ዦርዥ ኩቪዬ አውሬው ሊኖር አይችልም ሲል ምክንያቱን ከራስ ቅል አወጣ። ሰኰናቸው የተሰነጠቀ እንስሳት የግንባራቸው አጥንት በመካከል የተገጠመ ሁለት ክፍል ነው፤ ቀንድ ደግሞ በመገጣጠሚያው ላይ ሊበቅል አይችልም፤ ስለዚህ የፍየል ሰኰና ያለውና ከግንባሩ መካከል አንድ ቀንድ ያወጣ እንስሳ ከተፈጥሮ ሕግ ውጭ ነው የሚል ነበር። ክርክሩ ጠንካራ ቢሆንም ፈተናውን ያገኘው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በአሜሪካ የሜን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፍራንክሊን ዶቭ በ1933 አዲስ የተወለደ ጥጃ የቀንድ ቡቃያዎች ገና ከቅሉ ጋር ያልተያያዙ፣ በቆዳው ሥር የሚገኙ ሕዋሳት መሆናቸውን አስተውሎ፣ ሁለቱንም ከቦታቸው አንሥቶ በግንባሩ መካከል ጎን ለጎን ተከላቸው። ቡቃያዎቹ አንድ ሆነው አንድ ቀጥ ያለ ወፍራም ቀንድ አበቀሉ፤ ወይፈኑም አድጎ ቀንዱን አጥር ለማንሣትና ተቀናቃኙን ለመግፋት ይጠቀምበት ጀመር። ከዚህ ሙከራ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ አንድ ቀንዱ አውሬ እንዳይኖር የሚከለክል የሥጋ ሕግ የለም። ተፈጥሮ ሌላ መንገድ ሄዳ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለው እንስሳ ፊሳልጎስ እንዳስተማረው ብቸኛ ኃይለኛ ሳይሆን፣ ሎቦ እንደገለጸው በመንጋ መካከል የሚግጥ፣ ወንዱ ከወንድ ጋር ቀንድ ለቀንድ እየተገፋ ግዛቱን የሚጠብቅ፣ ለጅብና ለአንበሳ ምግብ የሚሆን፣ ቀንዱም ለዋንጫና ለጎራዴ እጀታ የሚፈለግ የቈላ እንስሳ ይሆን ነበር።

ቀንዱ ለዋንጫና ለጎራዴ እጀታ የተፈለገው እውነተኛው እንስሳ ምን እንደደረሰበት ደግሞ ይታወቃል። ከአዱሊስ ዘመን ጀምሮ ቀንዱ በባሕር ሲጫን የኖረው ጥቁር አውራሪስ፣ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጠመንጃ ሲበዛና የቀንዱ ፍላጎት ከየመን እስከ ሩቅ ምሥራቅ ሲጨምር ከኢትዮጵያ ቈላዎች ጠፍቷል። በመርዝ መድኃኒትነት የታመነው የክቴስያስ ጽዋ፣ የናርዋል ጥርስና የአውራሪስ ዋንጫ አንድ እምነት ሦስት ጊዜ የተሸጠባቸው ዕቃዎች ናቸው፤ የመጨረሻው ዋጋ የተከፈለው በአውራሪስ ነው፤ ይህም ሊያሳዝን የሚገባ ጉዳት ነው።

አካላቸው ለባሕር ማዶ ንግድ ያልቀረበ እንስሳት በአንጻሩ በምናብም እንኳ አልታሰቡም። እንግሊዛዊው ሃሪ ጆንስተን በልጅነቱ ስለ አፍሪካ አንድ ቀንዱ ያነበበውን ሲያስታውስ ኖሮ በ1901 ከኮንጎ ጫካ ኦካፒ የተባለውን የቀጭኔ ዘመድ ለሳይንስ ሲያቀርብ፣ የአርሲና የባሌ ሕዝብ ዘወትር የሚያውቀው፣ ቀንዱ የተጠማዘዘው ትልቁ የደጋ አጋዘን በየትኛውም የአውሮፓ መጽሐፍ ውስጥ ገና ስም አልነበረውም። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ኢትዮጵያን የአውሬዎች አገር ያደረጉ ጸሐፊዎች ሁሉ ይህንን አጋዘን ያለፉት ቀንዱ አዱሊስም ሆነ ዘይላ ወደብ ወርዶ ስለማያውቅ ሳይሆን አይቀርም። በ1908 አይቮር ባክስተን የተባለ አዳኝ ከዝዋይ ሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ ባሉት የአርሲ ተራሮች ላይ ገድሎ ቆዳውንና ቀንዱን ወደ አገሩ ወሰደ፤ በ1910ም ሪቻርድ ሊደከር ለንደን ላይ ሆኖ፣ ኮስማስ በገለባ ከተሞላው ቆዳ አውራሪስን እንደሣለ ሁሉ፣ ከዚያው ቆዳና ቀንድ የደጋ አጋዘንን ቁመት፣ ቀለምና ወገን ወስኖ ጻፈ።